ለእድሳት የድሮ ፒክአፕ ሲመርጡ፦ የትኛውን መውሰድ፣ የትኛውን መተው

ሁለት የድሮ ፒክአፖች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንደኛው ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ይነሳል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ በሩ ሲዘጋ ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይንኳኳል። የሁለተኛው ሞተር ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል፤ ጎማዎቹ ተኝተዋል፤ ቀለሙም ነጥቷል። ላሜራው (የአካሉ ቆርቆሮ) ግን ጤነኛ ነው። የብዙ ገዢ ልብ የሚያደላው ወደ መጀመሪያው ነው። አድሶ ለመያዝ የሚገዛ ሰው መውሰድ ያለበት ግን ሁለተኛውን ነው።

ሞተር ከመኪናው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ አልሆነም ከተባለ በሌላ ይተካል። ካቢና ከበሰበሰ ግን መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ መበየድ፣ መሞረድ፣ በሩ እስኪገጥም ደጋግሞ መለካት ይመጣል፤ ይህን የሚያሳጥር መንገድ የለም። ሙሉ እድሳት ከ1000 የሥራ ሰዓት ማለፉ የተለመደ ሲሆን ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ላሜራና ቀለም ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ከላሜራና መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው፣ ይጀምራል፤ ሞተሩ ኋላ ይደርሳል።

የሚነዳው፣ የቆመውና የተበተነው

ለሽያጭ የሚቀርቡት ፒክአፖች በአብዛኛው ከሦስት ዓይነቶች አንዱ ናቸው።

የሚነዳው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጥቅሙ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን)፣ ዲፍረንሻሉንና መሪውን በሥራ ላይ መፈተሽ መቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሻጩ ለገበያ ያበጀው መሆኑ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ የድሮ ፒክአፕ ቀለሙ ከነጣው ይበልጥ ሊያጠራጥር ይገባል፤ ከሥሩ ያለው አይታወቅምና። በእድሳቱ ጊዜ ያ ቀለም መፋቁ ስለማይቀር፣ ለመልኩ ተጨማሪ መክፈል የሚፋቅን ነገር መግዛት ነው።

የቆመው፣ ማለትም ሙሉ ሆኖ ነገር ግን የማይነሳው፣ በእኛ ግምት ከሦስቱ የተሻለው ነው። ዕቃው በቦታው አለ፤ ማንም ነካክቶ አላበላሸውም፤ ዋጋውም ሞተሩ ሞቷል በሚል ይወርዳል። የት እንደቆመ ግን ይጠይቁ። ጣሪያ ሥር፣ ሲሚንቶ ላይ የቆመና ሣር ውስጥ የቆመ እኩል አይደሉም። ሣር ከሥር እርጥበት ስለሚይዝ ሻንሲውና የካቢናው ወለል ከላይ ሳይታወቅ ይበላሉ።

የተበተነው፣ ሌላ ሰው ጀምሮት ዕቃው በካርቶን የተሞላው፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ገዢን የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ካቢናው ከሻንሲው ወርዶ ከሆነ ሻንሲውን ከላይም ከታችም ማየት ይቻላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ የጎደለው ዕቃ ነው። ፒስተንና ኩሽኔታ ይገኛሉ፤ የበር ማጠፊያ፣ የመስታወት ማንሻ፣ የበር ቁልፍ ማያያዣ፣ የዳሽቦርድ ሰዓቶች፣ የመቀመጫ ብረት፣ የመሪ ዘንግ ሽፋን ግን ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ካልተፈቱ ወራት ያስፈልጋሉ። ሻጩ ካርቶኖቹን ሁሉ ፈትቶ መሬት ላይ እንዲዘረጋ ይጠይቁና አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይመዝግቡ። «ሁሉም አለ፣ እቤት ነው» የሚባል ዕቃ እስኪታይ ድረስ እንደሌለ ይቆጠር።

ዝገቱን ማንበብ

ለምርመራ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ ባትሪ መብራት፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት፣ ጫፉ የደነዘዘ ካቻቪቴ፣ ትንሽ መዶሻ፣ የመለኪያ ሜትር፣ ክሪክና ጠንካራ መቆሚያ፣ አሮጌ ልብስ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም።

ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። ፒክአፕ የሚበሰብሰው ውሃና ጭቃ ተጠራቅመው በሚቀሩበት፣ ሁለት ላሜራዎችም ተደርበው በተበየዱበት ቦታ ነው፤ በሁለቱ መካከል የገባ ውሃ መውጫ የለውም። ስለዚህ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ቦታዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፦ የካቢናው የኋላ የታችኛው ማዕዘኖች፣ ከበር ሥር የሚሄደው ሳጥን መሰል ብረት፣ የበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ የእግር ማሳረፊያው ወለል፣ የፊት ፓራፋንጎ የኋላ ጫፍ፣ የፊት መስታወት ጎሚኒ ሥር እና የጣሪያው የውሃ መውረጃ ጠርዝ።

ማግኔቱን በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቀስ ብለው ያንሸራቱ። ጤነኛ ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ (ከቀለም በፊት ጉድጓድ የሚሞላበት ልጥፍ) ላይ መያዙ ይላላል፤ ብረት በሌለበት ይወድቃል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለ ደግሞ የበለጠ ይናገራል፦ የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ከ300 በላይ ከሆነ ተደግሞ ተቀብቷል፤ ከ1000 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ስቱኮ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ትንሽ ግጭት በስቱኮ ይስተካከላል። ከበር ሥር ወይም በካቢናው ማዕዘን ላይ ሲገኝ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የተደበቀ ቀዳዳ አለ።

ምንጣፉን ያንሱና ወለሉን በካቻቪቴው ጫን ይበሉት። ከላይ ብቻ የቀላ ብረት ሲፋቅ ያበራል፤ የተጎደጎደው ገና ሊድን ይችላል፤ የሚሰነጠቅና የሚረግፈው ግን መቆረጥ አለበት። ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚቆረጠው ከዚያ በብዙ ይሰፋል፤ ብየዳ የሚይዘው ሙሉ ውፍረት ያለው ብረት ላይ ብቻ ነውና። በቀዳዳው ልክ የሚገመት ሥራ ሁሌም የሚያንስ ግምት ነው።

በጣም የሚዘነጋውና ለመጠገን እጅግ አስቸጋሪው ቦታ ከፊት መስታወት ሥር ያለው የአየር መግቢያ ክፍል ነው። ቅጠልና አቧራ እዚያ ይጠራቀማል፤ ዝናብ ሲዘንብበት እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ቀላል ፈተና አለው፦ 2 ሊትር ያህል ውሃ ቀስ ብለው በአየር መግቢያው ያፍስሱ፤ ጓደኛዎ ውስጥ ሆኖ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ ይመልከት። ውሃው በመውረጃው በኩል መሬት ከፈሰሰ መልካም ነው። በእግር ማሳረፊያው ከተንጠባጠበ ዳሽቦርዱ ተነቅሎ፣ መስታወቱ ወጥቶ፣ የላይኛው ላሜራ ተከፍቶ የሚሠራ ሥራ ይጠብቅዎታል። ሁለት እጩዎች በሌላው ሁሉ እኩል ቢሆኑ ይህ ብቻውን ምርጫውን ይወስናል።

ከዚያ በሩን ግማሽ ከፍተው በእጅዎ ወደ ላይ ያንሱት። የማጠፊያው ፒን ብቻ ከላላ ቀላል ነው። ማጠፊያው የተያዘበት የካቢናው ምሰሶ አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ምሰሶው ከውስጥ በስብሷል።

ሻንሲው

ሻንሲ ከላይ ሲያዩት ደህና፣ ሲመቱት ሌላ ሊሆን ይችላል። በመዶሻው ቀስ እያሉ በሙሉ ርዝመቱ ይምቱት፤ ጤነኛው ይጮሃል፤ የተበላው «ዱፍ» ይላል። እንደ ሳጥን የተዘጋ ሻንሲ ከውስጥ ስለሚዝግ፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ስልክዎን አስገብተው ፎቶ ያንሱ።

ስንጥቅ የሚፈልጉት የመሪው ሳጥን በታሰረበት፣ የባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ማንጠልጠያዎች ባሉበት እና ከካቢናው ጀርባ ነው። እዚያ የተደረበ ብረት ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ። ጥምዝ መሆኑን ለማወቅ ከባሌስትራ ቡሎኖቹ ክርና ክብደት አንጠልጥለው ነጥቦቹን በጠመኔ መሬት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ በሰያፍ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ ይለኩ። ልዩነቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሻንሲው ተመትቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በካቢናውና በጭነት ሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተት ላይና ታች እኩል ካልሆነ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ካቢናው የተቀመጠባቸው ጎሚኒዎች ተጨፍልቀዋል ወይም ሻንሲው በጭነት ጎብጧል። መጀመሪያ ጎሚኒዎቹን ይመልከቱ፤ የእነሱ መተካት ቀላል ነው።

ሞተርና ካምቢዮ

ለሚነሳ ሞተር፦ ሻጩ ሳያስነሳው ይድረሱና የሞተሩን ጎን በእጅዎ ጀርባ ይሞክሩት። ሞቆ ከጠበቀዎት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ የሚያሳየውን ነገር እንዳያዩ ተደርጓል፤ ሌላ ቀን ይምጡ። ሲነሳ ለአፍታ የታየ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ማለቁን ያመለክታል፤ ነዳጅ ሲሰጡት የሚበዛ ሰማያዊ ጭስ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) ማለቃቸውን ይናገራል፤ የማያቋርጥ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ደግሞ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር እንደ ወተት የነጣ ቅባት ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ መንስኤው ከጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) እስከ ተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሆን ይችላል።

የእመቃ (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ካለዎት ካንዴላዎቹን ሁሉ ፈትተው፣ የነዳጅ መርገጫውን እስከ ታች ረግጠው ይለኩ። የድሮ ሞተሮች እመቃ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፤ ካልወጣ ቫልቩ ነው።

ለማይነሳ ሞተር፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይዞራል ወይስ ተጣብቋል ነው። በሞተሪኖ (በማስነሻው) በፍጹም አይሞክሩ፤ በኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ባለው ቡሎን በመፍቻ፣ ካንዴላዎቹ ተፈትተው፣ በእጅ ኃይል ብቻ ያዙሩት። ትንሽም ካልተንቀሳቀሰ በየካንዴላው ቀዳዳ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ተጨምሮ ለቀናት ይጠበቃል። ከቆመ ብዛት ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የተጣበቀ ሞተር ብዙ ጊዜ በዚህ ይለቃል። ሲሠራ ቆይቶ በሙቀት ወይም በዘይት እጦት የያዘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኮሎና ብሮንዚና (ኮሎው የሚዞርባቸው ስስ ሽፋኖች) ሳይነካ አይነሳም። ሻጩ «ቆሞ ነው የያዘው» ሲል የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽቱ፤ የተቃጠለ ሽታ እና በጣት መካከል የሚታይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ቃሉን ያፈርሳሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ መኪናውን እንዲተዉት የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞተሩ ብርቅ ሆኖ ብሎኩ የተሰነጠቀ ከሆነ። ሌላው ሁሉ ከዋጋ ላይ ይቀነሳል። ለሊድ ቤንዚን የተሠሩ የብረት ቴስታታዎች በዛሬው ቤንዚን ከባድ ሥራ ሲሠሩ የቫልቭ መቀመጫቸው እየተበላ ይሄዳል። ቴስታታው ከተፈታ አይቀር ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት በወጪው ውስጥ ይታሰብ።

የድሮ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ መኪናው እየሄደ ሲገባ ቢጮህ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ አንደኛው ማርሽ ማመሳሰያ (ማርሽ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርግ ክፍል) የለውም። ነዳጅ ሲለቁ በራሱ የሚወጣ ማርሽ ግን ብልሽት ነው።

ሞዴል ከሞዴል

የ1947 እስከ 1955 መጀመሪያ የሼቭሮሌት ፒክአፕ ክብ መልኩ የብዙ ሰው ሕልም ነው፤ ላሜራውም ወፍራም ስለሆነ ለብየዳ ይመቻል። እስከ 1953 ያለው 216 ኢንች ኩብ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ግን የኮሎ ክንዶቹን የሚያቀባው በመርጨት ነው፤ ለረጅም ፈጣን ጉዞ አልተሠራም። በ1954 የገባው 235ቱ በሙሉ ግፊት ይቀባል፤ ምርጫ ካለ እሱን ይያዙ። እስከ 1954 ባሉት የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ በቱቦ ውስጥ የተዘጋ በመሆኑ ካምቢዮ መቀየር ቀላል አይደለም፤ ኤሌክትሪኩም 6 ቮልት ነው።

የ1953 እስከ 1956 ፎርድ ኤፍ 100 የሚወደድ ነው፤ በ1953ቱ ላይ ያለው የጎን ቫልቭ ቪ8 ግን የጭስ መውጫው በብሎኩ ውስጥ ስለሚያልፍ ይሞቃል፤ በቫልቭና በሲሊንደር መካከል ስንጥቅ ይፈጠራል። ያንን ሞተር ያለ ምርመራ መግዛት አይመከርም። በ1956 ካቢናው ተለውጦ መስታወቱ ወደ ጎን ተጠማዘዘ፤ ኤሌክትሪኩም 12 ቮልት ሆነ። የአንድ ዓመት ብቻ የሆነ መስታወትና የካቢና ዕቃ ሲጎድል ማግኘቱ ይከብዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድስ ሰው ከአሜሪካኖቹ የምንመርጠው የ1967 እስከ 1972 ሼቭሮሌት ሲ10ን ነው። ላሜራው ከሞላ ጎደል ሁሉ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ከ1971 ጀምሮ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው። የነዳጅ ታንኩ ከመቀመጫው ጀርባ በካቢናው ውስጥ መሆኑን ይወቁ፤ ካቢናው ቤንዚን ከሸተተ ታንኩን፣ አንገቱንና ቱቦዎቹን ይመርምሩ።

ከጃፓኖቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ሞተርና ካምቢዮ ጠንካራ ናቸው፤ ላሜራው ግን ስስ ነው፤ በተለይ የጭነት ሳጥኑ ቀድሞ ይበሰብሳል። በ22አር ሞተር ላይ፣ በተለይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በወጡት ባለ አንድ ረድፍ ሰንሰለት ላይ፣ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ የሰንሰለቱ ፕላስቲክ መሪ መሰበሩን ይጠቁማል። ችላ ከተባለ ሰንሰለቱ ሽፋኑን በልቶ የራዲያተር ውሃን ወደ ዘይት ያስገባል። ከ1972 እስከ 1979 የተመረተው ዳትሰን 620 በሞተር በኩል ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ የካቢና ላሜራ ማግኘት ግን ከአሜሪካኖቹ ይከብዳል። ስለዚህ ዳትሰን ሲገዙ ላሜራው ላይ ምሕረት አያድርጉ።

የላንድ ክሩዘር 40 ተከታታይ ፒክአፖች ከባድና ዘላቂ ናቸው። ከፊት አክሰል መታጠፊያ ኳስ የሚወርድ ከግሪስ ጋር የተቀላቀለ ቀጭን ዘይት ካዩ የውስጥ ጎሚኒው ሞቷል፤ ሥራው ረጅም እንጂ ከባድ አይደለም። ከ1975 ጀምሮ የመጣው 4.2 ሊትር 2ኤፍ ሞተር ከቀደመው 3.9 ሊትር ይመረጣል።

ላንድ ሮቨር ሲሪስ ከሌሎቹ ይለያል፤ አካሉ አልሙኒየም ስለሆነ ከውጭ ጤነኛ ይመስላል። የሚዝገው ሻንሲውና ዳሽቦርዱን የሚሸከመው የብረት ግድግዳ ነው። አልሙኒየም ብረት በነካበት ቦታ ነጭ ዱቄት ይፈጠራል። በዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ ስለሚሠራለት ግን ሻንሲው የበሰበሰ ላንድ ሮቨር ሻንሲው እንደበሰበሰ ሌላ ፒክአፕ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ከ1971 ጀምሮ የመጣው ሲሪስ 3 በአራቱም ማርሽ ማመሳሰያ አለው፤ ለመንዳት ይቀላል።

ፔጆ ካሰቡ ደግሞ የ404ና የ504 ቤንዚን ሞተሮች ሲሊንደር ሸሚዛቸው የሚተካ ነው፤ ስለዚህ ብሎኩ ረጅም ዕድሜ አለው። ደካማው ጎን አልሙኒየም ቴስታታው ነው፤ ለዓመታት ተራ ውሃ ብቻ የተጨመረበት ከሆነ የውሃ መንገዶቹ ተበልተው ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጥበት ፊት ይጠፋል።

ፍሬን፣ መሪና ሽቦ

ፍሬኑን እንደሚሠራ ሳይሆን እንደሚተካ ቆጥረው ዋጋ ያስሉ፦ ዋና ፖምፓ፣ የየጎማው ሲሊንደር፣ የላስቲክ ቱቦዎች፣ ብዙ ጊዜም የብረት ቱቦዎቹ። የድሮዎቹ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሠሩ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ ፍሬን ጨርሶ ይጠፋል። በድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ዲስክ ውስጥ አስቤስቶስ ስለሚኖር ታምቡሩን ሲከፍቱ ብናኙን በአየር አይንፉት፤ አርጥበው ይጥረጉት።

የፊት ጎማውን አንስተው ላይና ታች ይዘው ይወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ጓደኛዎ ፍሬን ይርገጥና ይድገሙት፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታው ነው፤ ከቀጠለ ኪንግ ፒኑ (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ፒን) ነው። የመጀመሪያው በማጥበቅ ሊፈታ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ቡሽ መሞረድ ይፈልጋል።

ሽቦው በጨርቅ የተሸፈነ ወይም በየቦታው በፕላስተር የተቀጠለ ከሆነ ሙሉውን ይቀይሩት፤ መጠገኑ አያዋጣም።

ወረቀቱ

በባለቤትነት ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር፣ በካቢናው ሰሌዳ ላይ ያለውና በሻንሲው ብረት ላይ የተመታው አንድ መሆናቸውን በአካል ሄደው ያረጋግጡ። ሰሌዳው በአዲስ ቡሎን የታሰረ ወይም በተመታው ቁጥር ዙሪያ ብረቱ የተሞረደ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት። ይህ በገንዘብ የማይጠገን ብልሽት ነው።

ከተስማሙ በኋላ

ሲጭኑት በሌላ መኪና ላይ ጭነው ይውሰዱት፤ «እስከ ቤት ብቻ» ብለው አይንዱት። ለዓመታት የቆመ ፍሬን አንድ ጊዜ ይይዝና በሁለተኛው ሊለቅ ይችላል፤ የቆየ ጎማም ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎኑ ይፈነዳል። ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 1409 ማለት የ2009 አሥራ አራተኛ ሳምንት ነው። ከመፍታትዎ በፊት የእያንዳንዱን የበር ክፍተት በሚሊ ሜትር ለክተው ይጻፉ፤ የሽቦውን መንገድና የላሜራውን መገጣጠሚያ ፎቶ ያንሱ፤ የእያንዳንዱን ቡድን ቡሎኖች ለየብቻ ከረጢት አስገብተው ስማቸውን ይጻፉባቸው። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል ሲፋቅ በውሃ እርጥብ አድርገው፣ ጭምብል ለብሰው ይሥሩ።